ቮልቴጁን ከመንካታችሁ በፊት፦ የማተሚያ ሄድ ካሊብሬሽን ከባሕር ዳር

ይህን የምጽፈው ትልቅ የባነርና የስቲከር ማተሚያ ይዛችሁ ሥራው መስመር መስመር እየሆነ፣ ወይም የፊደሉ ጠርዝ እየተበተነ ላስቸገራችሁ ነው። ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ አካባቢ ባለ ማተሚያ ቤት ኦፕሬተር ነኝ። ያለፍንበት ጣጣ ገንዘብ በልቷል፣ ደንበኛ አሳጥቷል፣ እንቅልፍ ነስቷል። የሄድን፣ ማለትም ቀለሙን የሚረጨውን የማሽኑን አካል፣ ዋጋ ታውቁታላችሁ። አንዱ ሲቃጠል የአንድ ኦፕሬተር የብዙ ወር ደመወዝ አብሮ ይሄዳል። እዚህ ደግሞ ሄድ እንደልብ አይገኝም። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ማሽኑ ቆሞ የቤት ኪራይ ይቆጥራል። እኛ ከፍለን ያገኘነውን እናንተ በነጻ ውሰዱት።

መጀመሪያ ማሽናችንን ላስተዋውቃችሁ። የሚጠቀመው ሶልቨንት ቀለም፣ ማለትም ቶሎ በሚተን ፈሳሽ የተበጠበጠ ቀለም ነው። አራት ሄድ አለው፤ ለሲያን (ሰማያዊ)፣ ለማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ)፣ ለየሎ (ቢጫ)ና ለብላክ (ጥቁር) አንዳንድ። እያንዳንዱ ሄድ 512 ኖዝል፣ ማለትም ቀለም የሚተፋ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። ከአንድ ኖዝል የሚወጣው ጠብታ 42 ፒኮ ሊትር ነው። ስፋቱ 43 ማይክሮን ገደማ ይሆናል፣ ከራስ ጸጉር ይቀጥናል። ጠብታውን ገፍቶ የሚያስወጣው ፒዞ የሚባል ክሪስታል ነው። ወንድማማቾቹ ዣክና ፒየር ኩሪ በ1880 እ.ኤ.አ. ክሪስታል ሲጫኑት ኤሌክትሪክ እንደሚያወጣ አሳዩ። በዓመቱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ቅርፁን እንደሚለውጥ አረጋገጡ። የእኛ እንጀራ በዚህ በሁለተኛው ላይ የቆመ ነው። ቮልቴጅ ሲመጣ የሄዱ ግድግዳ ይለመጣል፣ ቀለሙን ይጨምቃል፣ ጠብታው ይተኮሳል።

ለረጅም ጊዜ ሥራችን የምረቃ፣ የሰርግና የሱቅ ባነር ነበር። ባነር ቸር ነው። ሰው የሚያየው ከመንገድ ማዶ ሆኖ ስለሆነ ጉድለቱን ይሸፍንልሃል። የእኛ ፈተና የመጣው ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያውን ግድግዳ በፎቶ ስቲከር እንድንሸፍንለት ባዘዘን ጊዜ ነው። ፎቶው ጣና ላይ ሲነጋጋ የተነሣ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጦ ይቀዝፋል። ሌላው ሁሉ ሰማይና ውሃ ነው። ከብርቱካናማ ወደ ሐምራዊ፣ ከሐምራዊ ወደ ሰማያዊ ቀስ እያለ ይሸጋገራል። እንዲህ ያለ ምስል መደበቂያ የለውም። እንግዳው ቡናውን ይዞ አጠገቡ ነው የሚቆመው። በዚያ ላይ ሰማዩ መሃል ነጫጭ መስመር ሲታየው ሌላ ምንም አይታየውም።

እኛ ያተምነው መስመር ነበረው። ሆቴሉ መለሰው። ደግመን አተምን፣ ያው ሆነ።

ባለሙያ ጠራን። ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ እዚህ አያስፈልግም። ኖዝል ቼክ (የትኛው ኖዝል እንደሚተፋ የሚያሳይ የሙከራ ወረቀት) አተመ፣ ማጀንታው ላይ የደከሙ መስመሮች አየ፣ ሶፍትዌሩን ከፍቶ የሄዱን ቮልቴጅ ከፍ አደረገው። እውነት ለመናገር ወዲያው አማረ። ቀለሙ ደመቀ፣ ሁላችንም ደስ አለን። ከሰዓት በኋላ ግን ማጀንታው አንድ ሜትር ሳያትም ይጠፋ ጀመር። እንደገና ከፍ ተደረገ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። በመጨረሻ የማጀንታው ሄድ ግማሹ ዝም አለ፣ ምን ቢታጠብ አልመለስ አለ።

ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቼ ነው። ቮልቴጅ ሲጨምር ጠብታው ይፈጥናል፣ ይተልቃል። ከልኩ ሲያልፍ ግን ከዋናው ጠብታ ኋላ ጥቃቅን ፍንጣቂዎች ይከተሉታል። ቀለሙ ወደ ቦታው ሲመለስም ከኖዝሉ አፍ አየር ይዞ ይገባል። አየር የገባበት ኖዝል አይተፋም። ክሪስታሉ ቢጨምቅ የሚጨመቀው አየሩ ነው። ስለዚህ ቮልቴጅ ስትጨምሩ ኖዝል የሚጠፋባችሁ ከሆነ የሚሻለው መቀነስ ነው፤ ያኔ እኛ ያደረግነው ተቃራኒውን ነው።

ለውጡ የመጣው አዲሱ ሄድ እስኪደርስ ማሽኑ በቆመበት ጊዜ ነው። የማሽኑን መመሪያ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ከዚያ በሦስቱ ሄዶች አንድ በአንድ ሞከርኩ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥኩ፣ እያንዳንዱን ወረቀት ቀንና ቁጥር ጽፌበት እያስቀመጥኩ። እስከ ዛሬ የማልለቀው ቅደም ተከተል ከዚያ የወጣ ነው። መጀመሪያ የቀለም ፍሰት፣ ቀጥሎ ሙቀት፣ ከዚያ ቮልቴጅ፣ ከዚያ የሂድ መልስ ማስተካከያ (ሄዱ ሲሄድ ያተመው ሲመለስ ካተመው ጋር እንዲገጥም ማድረግ)፣ ከዚያ ስቴፕ (የስቲከሩ እርምጃ)፣ በመጨረሻ ከለር። እያንዳንዱ ከእሱ በፊት ያለው ላይ ስለሚቆም ቅደም ተከተሉ ከተዘበራረቀ ሁሉንም ደግማችሁ ትሠራላችሁ።

ከፍሰቱ ልጀምር፤ ብዙው ችግር ያለው እዚያ ነው። ኖዝል ቼክ ብቻ አትሙና ደህና ነው ብላችሁ አትለፉ። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ኖዝል ቼክ አትማለሁ። ከዚያ የአንዱን ቀለም ሙሉ ድምቀት፣ ግማሽ ሜትር ያህል ጥቅጥቅ ያለ ንጣፍ አትማለሁ። ወዲያው ሌላ ኖዝል ቼክ እጨምራለሁ። ከዚያ ማሽኑን ለአምስት ደቂቃ ሳልነካ እተወውና ሦስተኛ ኖዝል ቼክ አትማለሁ። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ስታዩ ሄዱ አፍ አውጥቶ ይናገራል።

ኖዝሎቹ የጠፉት ከንጣፉ በኋላ ከሆነ ሄዱ ቀለም እየተራበ ነው። ፊልተሩ ተዘግቷል፣ ቱቦው የሆነ ቦታ ታጥፏል፣ ወይም ቮልቴጁ በዝቷል። የጠፉት ማሽኑ ቆሞ በቆየበት ጊዜ ከሆነ ደግሞ ወይ አየር የሚያስገባ መገጣጠሚያ አለ፣ ወይ ቀለሙን ወደ ላይ የሚይዘው ኔጌቲቭ ፕሬዠር ልኩን ስቷል፣ ወይ ኖዝሉ አፍ ላይ ቀለሙ እየደረቀ ነው። በሦስቱም ወረቀት ላይ የሚጠፉት እነዚያው ኖዝሎች ከሆኑ ተዘግተዋል ማለት ነው። ቦታቸውን እየቀያየሩ የሚጠፉ ከሆነ አየር ነው። የእኛ ማጀንታ ከመጀመሪያው የነበረበት ችግር የተዘጋ ፊልተር ነበር። ቮልቴጅ ፊልተር አይከፍትም።

ስለ ኔጌቲቭ ፕሬዠሩ ትንሽ ልበል። ቀለሙ ኖዝሉ አፍ ላይ በትንሹ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሎ መቆም አለበት። መያዣው ከላላ ቀለሙ ይንጠባጠባል፤ ከጠነከረ አየር ይስባል። የምፈትሸው በዓይኔ ነው። ካጠብኩ በኋላ ካሪጁን፣ ማለትም ሄዶቹን ተሸክሞ የሚመላለሰውን ክፍል፣ አውጥቼ በስልክ መብራት ከታች አያለሁ። የሄዱ ፊት ንጹሕ መሆን አለበት። የተንጠለጠለ ጠብታ ካለ፣ ወይም እርጥበቱ ቀስ እያለ እየሰፋ ከሄደ መያዣው ላልቷል። ስታዩ በጨርቅ አትጥረጉት። የጨርቅ ክር ኖዝሉ አፍ ላይ ገብቶ ይቀራል። ማጠቢያውም የቀለሙ የራሱ ማጠቢያ ይሁን። ከቀለም መሸጫ ሱቅ የሚገዛ ቲነር የሄዱን ሙጫ ይበላል። ርካሽ ነው ብለው የሞከሩ ባልደረቦች ሄዳቸውን አጥተዋል፣ እባካችሁ አትሞክሩት።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ሶልቨንት ቶሎ ይተናል። ማሽኑ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የፍላሽ ልክ፣ ማለትም ማሽኑ ሲቆም በየስንት ጊዜው ጠብታ ይትፋ የሚለው፣ ለእኛ አገር በቂ ላይሆን ይችላል። እኛ አሳጠርነው። ትንሽ ቀለም ይባክናል። ሄድ ከማጣት ግን በብዙ ይሻላል።

ቀጥሎ ሙቀት። በታኅሣሥና በጥር እዚህ ማለዳው ይቀዘቅዛል፣ ቀትር ላይ ግን ጃኬት ያስወልቃል። ቀለም ሲበርድ ይወፍራል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል። ጠዋት የመጣ ኦፕሬተር ሥራው ደብዝዞ ያየዋል፣ ቮልቴጅ ይጨምራል። እኩለ ቀን ላይ ቀለሙ ሲሞቅ ያው ቮልቴጅ ከልክ በላይ ይሆናል፣ ፍንጣቂው ይጀምራል። ማንም አያስታውሰውም፤ «ማሽኑ ከሰዓት ይበላሻል» ይባላል። ብዙ ማተሚያ ቤት ውስጥ ይህን አባባል ሰምቼዋለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ጠዋት ማሽኑን አብሩ፣ የሄዱ ማሞቂያ ካለ ተዉት ይሙቅ፣ ሶፍትዌሩ ላይ የሚታየው የሄድ ሙቀት እስኪረጋ ድረስ ምንም ዓይነት ማስተካከያ አትጀምሩ። በቀዝቃዛ ማሽን የተሠራ ካሊብሬሽን የሚያገለግለው ለቀዝቃዛ ማሽን ብቻ ነው።

አሁን ቮልቴጁ ላይ ደረስን። ሄዱ ላይ ፋብሪካው የለጠፈው ወረቀት ላይ የራሱ ቮልቴጅ አለ። አንድ ዓይነት ሄዶች እንኳ ቁጥራቸው ይለያያል፤ የእያንዳንዱ ክሪስታል ጉልበት እኩል ስላልሆነ ነው። መነሻችሁ ያ ቁጥር ነው። ሄድ ስትቀይሩ ሶፍትዌሩ ላይ የአሮጌውን ቁጥር ትታችሁ እንዳትሄዱ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ሄድ የ50 በመቶ ንጣፍ አትሙና በማጉያ መነጽር ነጥቦቹን እዩ። ክብና ብቻውን የቆመ ነጥብ ከሆነ ጥሩ ነው። ጅራት ካለው፣ ወይም ከጎኑ ትናንሽ ልጆች ከረጨ በዝቷል። ነጥቡ ደብዝዞ ቦታውን የሚስት ከሆነ አንሷል። እኔ የምለውጠው በግማሽ ቮልት ነው። ከተለጠፈው ቁጥር በአንድ ቮልት መራቅ ካስፈለገኝ እጄን አነሣለሁ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ብዬ ወደ ፍሰቱና ወደ ሙቀቱ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር ደግሜ ልናገር፤ ማሽኑ በርቶ ሳለ የሄዱን ሪባን ኬብል አትንቀሉ፣ አትሰኩ። የሶልቨንት ጠብታ ሶኬቱ ላይ ካለ ደግሞ ሄዱም ቦርዱም አብረው ይሄዳሉ።

የሂድ መልስ ማስተካከያ ላይ ብዙዎቻችን ቸልተኞች ነን። ሒሳቡን ላሳያችሁ። ጠብታው በሰከንድ 6 ሜትር ይወርዳል እንበል። በሄዱና በስቲከሩ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ካለ ጠብታው ለማረፍ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ካሪጁ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ከሆነ በዚያች ቅጽበት ጠብታው ግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ይወሰዳል። ሲሄድ ወደ አንድ ጎን፣ ሲመለስ ወደ ሌላው፤ ድምሩ 1 ሚሊ ሜትር። ሶፍትዌሩ የሚያካክሰው ይህን ነው። አሁን ሄዱን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጉት። ድምሩ ወደ 0.67 ይወርዳል። የአንድ ሚሊ ሜትር የከፍታ ለውጥ አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ስህተት አመጣ ማለት ነው። ትንንሽ ፊደል ላይ ጥላ የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ስለዚህ ከወፍራም ባነር ወደ ስስ ስቲከር ስትሻገሩ፣ የሄዱን ከፍታ ስትነኩ፣ የካሪጁን ፍጥነት ስትለውጡ፣ ቮልቴጅ ስትለውጡም ጭምር ይህን ደግማችሁ ሥሩ። ለእያንዳንዱ ፍጥነት የራሱ ቁጥር አለው።

ስቴፕ ማለት ማተሚያው በየፓሱ፣ ማለትም ሄዱ አንድ ጊዜ እያተመ ባለፈ ቁጥር፣ ስቲከሩን የሚስብበት ልክ ነው። የእኛ ሄድ በአንድ ጊዜ 36 ሚሊ ሜትር ያትማል። በ4 ፓስ ስናትም እያንዳንዱ እርምጃ 9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሆቴሉን ሥራ በማስመሪያ ስለካ መስመሮቹ ልክ በ9 ሚሊ ሜትር ልዩነት የተደረደሩ ነበሩ። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ልዩነቱ ከእርምጃው ጋር እኩል ከሆነ ስቴፑን ወይም የጎደለ ኖዝል ፈልጉ። ልዩነቱ የተዘበራረቀ ከሆነ ግን ሮሉ ይንሸራተታል ወይም ውጥረቱ እኩል አይደለም። መስመሩ ነጭ ከሆነ እርምጃው በዝቷል፤ ጥቁር ከሆነ አንሷል።

የምለካው በረጅሙ ነው። በ1,000 ሚሊ ሜትር ርቀት ሁለት ቀጭን መስመር አሳትማለሁ፣ በብረት ሜትር እለካለሁ። 998 ከመጣ የጎደለው 0.2 በመቶ ነው። በ9 ሚሊ ሜትር እርምጃ ሲሰላ 18 ማይክሮን ይሆናል። ምንም አይመስልም። በ720 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 720 ነጥብ) ግን በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 35 ማይክሮን ብቻ ስለሆነ የዚያን ርቀት ግማሽ ያህል ነው። ሰማያዊ ሰማይ ላይ ዓይን ያገኘዋል። ልኬቱን ማሞቂያው በርቶ፣ አንድ ሁለት ሜትር ከታተመ በኋላ ውሰዱ። ፕላስቲክ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ቀዝቃዛ ሳለ የለካችሁት አይሠራላችሁም።

ከለር ላይ ብዙ አልቆይም። የቀለም ጣሪያውን (ከፍተኛውን የቀለም መጠን)፣ ሊኒያራይዜሽኑን (ድምቀቱ ከፈዛዛ እስከ ደማቅ እኩል እንዲጨምር ማድረግ)ና ፕሮፋይሉን (ማሽኑ ቀለሞችን እንዴት እንደሚያወጣ የሚነግር ፋይል) የምትሠሩት ከላይ ያለው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ቮልቴጅ ወይም ሄድ ከተቀየረ የድሮው ፕሮፋይል የሌላ ማሽን ነው። አዲስ ሥሩ። የሰው ፊት ቀይ ሲሆንባችሁ ፎቶሾፕ ላይ ማጀንታ መቀነስ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ነገ ሌላ ፊት ይመጣል።

ይህን ሁሉ ሠራን። አዲሱ ሄድ ገባ፣ ሰማዩ ላይ የነበረው መስመር ጠፋ። ከዚያ ሌላ ጉድ መጣ። የታንኳው ጠርዝ፣ የዓሣ አጥማጁ መቅዘፊያ፣ ከታች ያለው የሆቴሉ ስም ሁሉ ጸጉር አበቀለ። በማጉያ ሳየው ከጠርዙ ወደ ውጭ የተበተኑ ጥቃቅን ጠብታዎች ናቸው። ቮልቴጅ ቀነስኩ፣ አልተለወጠም። ከፍታውን ዝቅ አደረግኩ፣ ትንሽ ተሻለ። ባነር ላይ ሳትም የለም። ስቲከር ላይ ነው። ጠዋት ይቀንሳል፣ ከሰዓት ይብሳል። ወሩ መጋቢት ነበር። በሐምሌ ያተምናቸውን የስቲከር ናሙናዎች አውጥቼ ሳይ ጠርዛቸው ንጹሕ ነው።

መልሱን ያገኘሁት ከሌላ ሙያ ነው። አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ ላይ ቀን የሚጽፈውን ማሽን ነው የሚይዘው። ያ ማሽን ፒዞውን እንደኛ አይጠቀምም። ቀለሙ ሳያቋርጥ ይፈስሳል፣ በየሰከንዱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጠብታ እየሆነ ይቆራረጣል። ጠብታው ልክ ከፍሰቱ ሲቆረጥ አንድ ኤሌክትሮድ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያስይዘዋል። ከዚያ ብዙ ሺህ ቮልት ባለባቸው ሁለት ብረቶች መካከል ሲያልፍ ይታጠፋል። ቻርጁ የበዛው ብዙ ይታጠፋል፣ ያነሰው ትንሽ። ያልተፈለገው ጠብታ ቻርጅ ስለሌለው ቀጥ ብሎ ሄዶ ወደ ታንኩ ይመለሳል። ዘዴውን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራው የስታንፎርዱ ሪቻርድ ስዊት ነው። ጓደኛዬ የጠዋት ሥራው የቀለሙን ውፍረት ማየትና ቻርጁ ጠብታው ከሚቆረጥበት ቅጽበት ጋር መግጠሙን ማረጋገጥ ነው። ብረቶቹ ላይ ቀለም ወይም እርጥበት ካረፈ ማሽኑ ብልጭ ብሎ ራሱን ያጠፋል።

ናሙናዬን አየና እንዲህ አለኝ፦ «እኔ ጋ ጠብታው የሚታጠፈው ቻርጅ ስለያዘ ነው። አንቺ ጋ ደግሞ ስቲከሩ ራሱ ቻርጅ ይዟል። ታዲያ ጠብታሽ ለምን ብሎ ቀጥ ይበል?»

ወደ ቤት አልሄድኩም፣ ተመልሼ ማተሚያ ቤቱ ገባሁ። መብራቱን አጥፍቼ ከሮሉ ላይ ስቲከር ሳብኩ። ሲንጣጣ ይሰማል፣ ትንንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል። ክንዴን ሳስጠጋ ጸጉሬ ቆመ። ነገሩ እንዲህ ነው። ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ሲላቀቅ፣ ከሮለር ጋር ሲፋተግ ቻርጅ ይይዛል፤ ደረቅ አየር ደግሞ ቻርጁን አይወስድም። ያ ቻርጅ በሄዱና በስቲከሩ መካከል የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥራል። ዋናው ጠብታ ከባድና ፈጣን ስለሆነ ብዙም አይነቃነቅም። ከኋላው የሚመጡት ፍንጣቂዎች ግን ቀላልና ቀርፋፋ ናቸው። መስኩ ወደፈለገበት ይወስዳቸዋል። ሐይቅ ዳር ስለሆንን አየራችን ሁልጊዜ እርጥብ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እርጥበት መለኪያ ገዝቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። መጋቢት ከሰዓት በኋላ ከ30 በመቶ በታች ሲወርድ አየሁ። ለዚህ ሥራ የሚመቸው ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው።

ቀጥሎ ምድር መያዣውን፣ እኛ «ኧርዝ» የምንለውን አስፈተሽን። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ብዙ ዘመን የሠሩ አባት ናቸው። ሶኬቱን ፈተው «ልጄ፣ ይሄ ኧርዝ እኮ የትም አይደርስም» አሉኝ። ሽቦው ግድግዳው ውስጥ ተቆርጦ ቆሟል። ብዙ ቦታ ደግሞ ኧርዙን ከኒውትራል ጋር ያገናኙታል አሉ። ያ አደገኛ ነው፤ ኒውትራሉ ከተቋረጠ የማሽኑ አካል በሙሉ ሰው የሚይዝ ይሆናል። ከግድግዳው ውጭ የመዳብ ዘንግ ቀበሩልን፣ ከማሽኑ አካል ጋር በወፍራም ሽቦ አገናኙት፣ በኧርዝ መለኪያ ለኩት። የብዙ ማሽኖች መመሪያ ከ4 ኦም በታች ይላል። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ስለሚጨምር ዘንጉ ያለበትን ቦታ ውሃ እናጠጣለን።

ማሽኑ ኧርዝ አለው ማለት ግን ስቲከሩ ላይ ያለው ቻርጅ ወረደ ማለት አይደለም። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ስቲከሩ ወደ ማተሚያው ከመግባቱ በፊት በስፋቱ ልክ የተዘረጋ፣ ጭራው የሚነካው ቀጭን የመዳብ ክር አሰርን፣ ከማሽኑ አካል ጋር አገናኘነው። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ያመጣው ለውጥ ግን ትልቅ ነው። አቅም ያለው አየሩን አዮን የሚያደርግ ባር ቢገዛ ይመረጣል። ጠዋትና ቀትር ወለሉን በእርጥብ መወልወያ እናብሳለን። አዲስ ሮል ከመታተሙ በፊት አንድ ሌሊት ክፍሉ ውስጥ ያድራል። ሮሉን በእጅ በፍጥነት አንጎትትም። ፊቱን በደረቅ ጨርቅ አንጠርግም፣ እሱ ራሱ ቻርጅ ያስይዘዋል። ከፍታውን ስቲከሩ ሄዱን እስካልነካ ድረስ ዝቅ እናደርጋለን፤ ፍንጣቂው የሚጓዘው መንገድ ባጠረ ቁጥር የሚሰደደው ያንሳል።

ይህ የጥራት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሶልቨንት ትነት ይነድዳል፣ የስታቲክ ብልጭታም ሊያቀጣጥለው ይችላል። መስኮትና ማራገቢያ ክፍት ይሁን። ማጠቢያውን ሮል አጠገብ ቆማችሁ ከጀሪካን ወደ ጀሪካን አትገልብጡ። ብዙ ማተሚያ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥለን እዚያው ቡና እናፈላለን። እባካችሁ ቡናውን በረንዳ ላይ አድርጉት።

የሆቴሉ ስቲከር በመጨረሻ ተለጥፏል፣ ገንዘቡም ተከፍሎናል። የማጀንታው ሄድ ኪሳራ ግን አልተመለሰም።

የቀረኝ የመብራት ነገር ነው። መሃል ላይ መብራት ሲጠፋ ሄዱ ሥራ ሲያበቃ እንዳይደርቅ የሚሸፈንበት ኮፍያ ላይ ሳይደርስ ይቆማል፣ አየር ላይ ይደርቃል። ኔጌቲቭ ፕሬዠሩን የሚይዘው ፓምፕም አብሮ ስለሚቆም ቀለሙ መንጠባጠብ ይጀምራል። ቢያንስ ለፓምፑና ለቦርዱ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ይኑራችሁ። ከሌለ ዋናውን ማብሪያ አጥፉ፣ ካሪጁን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኮፍያው ውሰዱ፣ የቀለሙን ቧንቧ ዝጉ። መብራቱ ሲመጣ ወዲያው አታብሩ። የስታብላይዘሩ መርፌ መዋዠቁን ሲያቆም ነው የሚበራው። ከዚያ ማሞቂያው ይሙቅ፣ ፍላሽ አድርጉ፣ ኖዝል ቼክ አትሙ። የተቋረጠውን ፎቶ ካቆመበት ለመቀጠል አትድከሙ። ስቲከሩ ቀዝቅዞ ስለተኮማተረ መጋጠሚያው አይገጥምም። ቆርጣችሁ አውጡትና ከመጀመሪያው አትሙት፤ የተቆረጠው ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ ለሚቀጥለው ኖዝል ቼክ ያገለግላል።